በጣሳው ሥር የተቀበልኩት ምርቃት

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ኮልፌ ውስጥ ግብረ ገብ አስተምር ነበር። ግብረ ገብ ማስተማር ማለት ልጆችን አትዋሹ፣ አትስከሩ፣ ታላላቆቻችሁን አክብሩ እያሉ መዋል ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። ቀጥሎ የምጽፈውን ያነበበ ሰው፣ በቀራንዮ መንገድ ዳር መኪና ውስጥ ተቀምጣ ጠላ የምትቸረችር ሴት አድርጎ እንዳይቆጥረኝ ብዬ ነው። ያን ቀን እንደዚያ አድርገው የቆጠሩኝ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ አባቴ ናቸው።

አገሬ ከፋ ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት መምህርነት ልማር ብዬ ሲሆን፣ ተምሬም እዚያው ቀረሁ። በከተማው ውስጥ ዘመድ አልነበረኝም። የነበሩኝ የቤት አከራዬ እትዬ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከዘመድ ይብሱ ነበር። የት ዋልሽ ብለው ይጠይቁኛል፣ የት እንደዋልኩም ራሳቸው ይመልሳሉ።

ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አንድ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ሽማግሌ ላከብኝ። በጣም ዝምተኛ ሰው ነው። የትምህርት ቤታችንን የጽሕፈት መኪና ሊሠራ ሦስት ጊዜ መጥቶ፣ በሦስተኛው "ደህና ይዋሉ" አለኝ፤ ለእሱ ይሄ ረጅም ወሬ ነው። ወደድኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእትዬም ጭምር፤ እሳቸው ግን ያወቁት ከእኔ ቀድመው ነበር።

ነገር ግን ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም አልኩ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። በእኛ ቤት እሺታ የሚሰጠው በምርቃት ነው፤ ምርቃት ከሌለ እሺታም የለም። በነሐሴ ደብዳቤ ላክሁ፣ በመስከረም ደገምኩ። መልስ የለም። በዚያ ዓመት ዝናቡ አላቆም ብሎ፣ ከጅማ ወዲያ የሄደ መኪና ሁሉ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ቀርቶ ነበር። የጠጋኙ አጎት ደግሞ ችኩል ናቸው። ጥቅምት ሃያን አልፎ እትዬ ቤት መጥተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ "የኅዳር ጾም ሳይገባ የአባትየውን ቃል ካልሰማን፣ ለልጃችን አገር ቤት የታሰበችለት ልጅ አለች" ብለው ሄዱ።

ጾሙ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። መንገዱ ግን በሦስት ሳምንት አይደርቅም።

የሳይንስ መምህራችን ፈረንጅ ነበር። ትንሽ ቮልስዋገን ነበረችው። ከኋላዋ፣ መከላከያው ላይ፣ እኔን ሁለት የሚያህል ቀጭን የብረት ዘንግ ቆሞባታል። ከመሪው አጠገብ ደግሞ የዳቦ ቆርቆሮ የምታህል ሳጥን ተሰክታለች። ሳጥኗ ሬዲዮ ናት፤ ግን የምትሰማም የምትናገርም ሬዲዮ። ሰውዬው የሬዲዮ አማተር ነበር፤ ማለት፣ ከመንግሥት ፈቃድ አውጥቶ፣ ማንም ሳይከፍለው፣ በዓለም ዳርቻ ከሚገኙ ብጤዎቹ ጋር በአየር ላይ ሰላምታ ሲለዋወጥ የሚውል። ዕቃውን መኪና ውስጥ የተከለው፣ አከራዩ "ጣራዬ ላይ ሽቦ ዘርግተህ መብረቅ ልትጠራብኝ ነው?" ብሎ ስለከለከለው ነው። ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊደልና ቁጥር እየደጋገመ ይጣራል። እኛ መምህራኑ የአገሩ ጸሎት መስሎን በአጠገቡ ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር።

አንድ ቀን ግን በመኪናዋ አጠገብ ሳልፍ፣ ከሳጥኗ ውስጥ ጥርት ባለ አማርኛ "ቦንጋ ዛሬም ዘንቧል" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለካ ፈረንጁ ከቦንጋ አለፍ ብላ ባለች ክሊኒክ የሚሠራ ሐኪም ጓደኛ አለው። ሐኪሙም እንዲሁ ዓይነት ሬዲዮ አለው። የተናገረው የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ማለት የሐኪሙ ረዳት ነበር። የአባቴ ቤት ከዚያች ክሊኒክ የግማሽ ቀን የበቅሎ መንገድ ነው። ያን ዕለት ማታ ያደረስኩት ጸሎት ከወትሮው ረዘም ያለ ነበር። በማግስቱም ፈረንጁን ለመንኩት፤ መልእክት ተላከ፤ መልስ መጣ። አባቴ በመጪው ሐሙስ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ክሊኒኩ ይገኛሉ።

ያ ሐሙስ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ፈረንጁ በፌርማታው በኩል በፍጥነት ሲያልፍ ዘንጉ ጎብጦ ጫፉ የአንድ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ባርኔጣ አንጠልጥሎ ሄደ። በጣም ደነገጠ። ዓይን ቢወጋስ ብሎ ሐሙስ ጠዋት ጫፉ ላይ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ደፋበት፤ በሽቦም አጥብቆ አሰረው።

ለእሱ ጥንቃቄ ነው። ኮልፌ ውስጥ ግን በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚህ ጠላ አለ።

አየሁት። ወዲያው ገባኝ። መናገር ነበረብኝ። ግን ሰውዬው ለእኔ ብሎ ይህን ሁሉ ሲደክም፣ "ያደረግከው ነገር የመጠጥ ቤት ምልክት ነው" ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ ማን ቀና ብሎ ያየዋል አልኩ።

ከወንድ ጋር በመኪና ብቻዬን ስለማልሄድ እትዬ አብረውኝ መጡ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

"እትዬ፣ ጣራ አለው እኮ።"

"አየሁት። ሰባራ ድስት ይመስላል። አንቺ የራስሽን ጉዳይ ያዢ።"

ድምፁ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ወደ ከፍታ ቦታ መውጣት ያስፈልጋል ብሎ ፈረንጁ በቀራንዮ መንገድ ወሰደን። መድኃኔዓለም ጋ ስንደርስ አማተብኩ፤ እሱም ቁልፍ ጠፍቶኝ የምፈልግ መስሎት የራሱን ኪስ ዳበሰ። ባሕር ዛፎቹን አልፈን መኪናዋን ዳገቱ ራስ ላይ፣ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ሞተሩ ሲሠራ ሳጥኗ እንደ ተቆላ ሽምብራ ትንጣጣለች፣ ሰው አታሰማም። ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። "ስለዚህ አጭር! አጭር ተናገሪ!" አለኝ።

ከዚያ ሕጉን አስተማረኝ። በእጅ የሚያዝ ማይክሮፎን አለ። ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ስጫን እናገራለሁ፣ ስለቅቀው እሰማለሁ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይሆንም። እኔ ስናገር አባቴ፣ አባቴ ሲናገሩ እኔ ዝም እንላለን። ማንም ተናግሮ ሲያበቃ "ጨረስኩ" ይላል።

ቀላል ነገር ነው። ከአባቱ ጋር አውርቶ ለማያውቅ ሰው ቀላል ነው።

በዘጠኝ ሰዓት ድሬሰሩ ጠራን። ቀጥሎ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። ያ የጉሮሮ አጠራረግ ከሺህ ሰው መሐል አይጠፋኝም።

"ልጄ" አሉ አባቴ።

መኪና ውስጥ መሆኔን ረሳሁና ብድግ አልኩ። የጣራው ድምፅ ገደል የገባ በርሜል ይመስል ነበር።

"ገና ምኑም ሳይነገር አናቷን ፈጠፈጠች!" አሉ እትዬ ከጃንጥላቸው ሥር።

አናቴን ይዤ ቁልፉን ተጫንኩ። "አቤት፣ አባባ!"

አሁን እንግዲህ ይህን አስቡት። አባት ሲናገር ልጅ ዝም አትልም። በየቃሉ መሐል "አቤት"፣ "እሺ"፣ "ይሁን አባባ" ትላለች፤ አለዚያ አልሰማችም፣ ወይም ሰምታ ንቃለች። ስለዚህ አባቴ አንድ ቃል ሲናገሩ እኔ ቁልፉን ተጭኜ "አቤት" እላለሁ። ስጫን የእሳቸው ድምፅ ይጠፋል። እሳቸውም እየተናገሩ ስለሆነ የእኔ "አቤት" አይደርሳቸውም። ለእኔ የደረሰኝ ወሬ እንዲህ ነበር፦ "እናትሽ ... ላሟም ... ወድቆ ... ግን እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ማን ነው የወደቀው?" ብዬ ጮኽኩ።

"ጣት! ጣት አንሺ!" ፈረንጁ ጠረጴዛ እንደሚመታ ሰው መሪውን ይመታል።

ከዚያ ወገን የአባቴ ድምፅ ከድሬሰሩ ጋር ሲነጋገር መጣ። "ልጅቱ አቤትም አትለኝ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሳጥን ነው የማናግረው።"

"ይሰማሉ አባታችን። እርስዎ ሲያበቁ 'ጨረስኩ' ይበሉና እኔ ቁልፉን ልልቀቀው።"

"ምን ልበል?"

"ጨረስኩ።"

"ጨረስኩ! በስተርጅና ምን ይዞህ ነው ጨረስኩ የምታሰኘኝ? ገና የልጄን ልጅ አላየሁ። አንተ ጎረምሳ ነህ፣ አንተ ጨርስልኝ።"

ከዚያ በኋላ አባቴ ዝም ባሉ ቁጥር ድሬሰሩ በፈንታቸው "ጨረሱ" ይል ነበር። እሳቸውም በየጊዜው ከኋላ "አልጨረስኩም!" ይሉታል።

በዚህ መሐል የመኪናው መስኮት ተንኳኳ። አህያ የሚነዳ ሰው ነው፤ አህያዋ ጤፍ ተጭናለች። ጣቱን ወደ ሰማይ፣ ወደ ጣሳው ቀስሮ ፈገግ አለ።

"እሜቴ፣ አንድ ብርጭቆ።"

"የለም!" አልኩት።

"ምልክቱ ተሰቅሎ?"

እትዬ ጃንጥላቸውን በመስኮቱ አወጡና ደረቱን ገፉት። "ሂድ ወዲያ! የጋብቻ ጉዳይ ይዘናል!"

"ታዲያ ጋብቻ ካለ ጠላ እንዴት ይጠፋል?" ብሎ እዚያው ቆመ። እሱ ሲቆም ያየ ሌላውም ቆመ። ከገበያ የሚመለሱ፣ ከሥራ የወጡ፣ ጥም ያለባቸው ወንዶች ስድስት ሆኑ። ጠላ የሚሸጥበት መኪና ኮልፌ መጣ፣ የፈረንጅ ዘመናዊ ጠላ ነው የሚል ወሬም ከኋላ ሲነዛ እሰማለሁ።

እኔ አባቴን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ "አባባ፣ ሽማግሌ ተልኮብኝ ምርቃትዎን እየጠበቅሁ ነው" አልኩ። ልክ ያን ጊዜ ባለ አህያው አንገቱን በመስኮት አስገባና ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ "ጉሹ ነው ወይስ የጠራው?" ብሎ ጮኸ።

ቁልፉን ለቀቅሁ።

"ልጄ" አሉ አባቴ ቀስ ብለው። "ያለሽው ጠላ ቤት ነው?"

"አይደለም አባባ! መኪና ውስጥ ነኝ! ጣሳው የሬዲዮው ነው!"

"ሬዲዮው ጣሳ ምን ያደርግለታል?"

"ዓይን እንዳይወጋ ነው!"

ይህን ስናገር ለራሴም እውነት አልመሰለኝም። አባቴ ለድሬሰሩ፣ "እኔ መምህርት ሆነች ብዬ ለአገሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ጫንልኝ በቅሎዬን" ሲሉ ሰማሁ። አገር ቤት የታሰበችለት ልጅ በዓይኔ መጣችብኝ፤ አይቻት አላውቅም፣ ግን በጣም ቆንጆ ነበረች።

ያን ጊዜ ሰዎቹን በትከሻቸው እየገፉ ሐጂ መጡ። ሐጂ ሰፈራችን ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ልጆቻቸውን እኔ የማስተምርላቸው አዛውንት ናቸው። ጣሳውን ከሩቅ አይተው ሊገሥጹኝ ነው የመጡት።

"መምህርት! አንቺም? ምን ጎደለሽና ነው?"

እንባዬ እየመጣ ነገሩን ነገርኳቸው። ሐጂ ወደ ጣሳው አዩ፣ ወደ ሳጥኗ አዩ፣ ወደ ፈረንጁ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ስጪኝ ይሄን ነገር። የት ነው የሚጫነው?"

ሰጠኋቸው።

"ጌታው፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ የሰፈሩ ሰው ነኝ። እስላም ነኝ፣ ሐጅ ያደረግሁ ነኝ። አሁን ከልጅዎ አጠገብ ቆሜያለሁ። ጠላ ቤት ቢሆን ኖሮ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?"

የአባቴ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

"ልክ ነው" አሉ አባቴ በመጨረሻ። "ይሄ ሰው የማይዋሽ ሰው ነው። በቅሎዋ ትቆይ። ልጁስ ምን ዓይነት ነው?"

"ምኑን ልንገርዎ፣ አይናገርም!" አሉ ሐጂ። "እኔ ሱቅ ሁለት ዓመት ይመጣል። የልብስ ቁልፍ ይገዛል፣ ይሄዳል። ክፉ ቃል አልወጣውም። ደግ ቃልም አልወጣውም። ጨረስኩ።"

ሐጂ ሕጉን ማንም ሳያስተምራቸው አውቀውት ነበር።

አባቴ ተነሡ መሰለኝ፣ የወንበር ድምፅ ሰማሁ። ምርቃት ጀመሩ። እኔ ተንበርክኬ ልቀበል ብዬ ቦታ አጣሁና ጉልበቴን ከማርሹ ጋር አጋጨሁት። "ቤታችሁን የአብርሃምና የሣራ ቤት ያድርገው" አሉ፤ አሉና ቆሙ። አሜን እየጠበቁ ነው። አሜን ሳይባል ምርቃት አይቀጥልም። እኔ "አሜን!" ብያለሁ፤ ግን በዚያ በኩል ቁልፉ እንደተጫነ ነው። ድሬሰሩም አልጨረሱም ብሎ አይለቅም፣ እሳቸውም አሜን አልሰማሁም ብለው አይቀጥሉም።

"አሜን አላለችም" ሲሉ ሰማሁ። "ሰውዬውን አልወደደችውም ማለት ነው። በግድ አላጋባትም።"

"ወድጄዋለሁ!" ብዬ ጮኽኩ፣ ለማንም በማይደርስ ድምፅ። ያልኩት ለአየር ነው፤ በመንገዱ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ግን ሰማ።

"ይኸው!" አሉ እትዬ። "እኔ ከሐምሌ ጀምሮ ብያለሁ።"

ድሬሰሩ ብልህ ሰው ነበር፤ ነገሩ ገባውና ከዚያ በኋላ በየምርቃቱ ቁልፉን ይለቅልኝ ጀመር። አባቴ አንድ ይላሉ፣ እሱ ይለቃል፣ እኔ ተጭኜ አሜን እላለሁ፣ እለቃለሁ። ሥራው እንደ ሸማኔ ሥራ ነው፤ እጅና አፍ ተቀናጅቶ ሄደልን። ሦስተኛው ላይ ግን የሳጥኗ መብራት መደብዘዝ ጀመረ። "ወልዳችሁ..." ሲሉ የአባቴ ድምፅ እንደ ትንኝ ሆነ።

"ባትሪ!" አለ ፈረንጁ። የሞተሩን ቁልፍ አዞረ፤ መኪናዋ ቃተተች እንጂ አልተነሳችም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጠላ ጠባቂዎቹን፣ "ግፉ! ግፉ!" አላቸው።

ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ስድስቱም ከኋላዋ ሆነው ገፉ። ሐጂም ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው እጃቸውን አኖሩ። መኪናዋ ወደ ቁልቁለቱ ተንከባለለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ሞተሩ ተነሣ። የሳጥኗ መብራት በራ። ሽምብራው መንጣጣት ጀመረ። ካቆምኳት ትጠፋለች ብሎ ፈረንጁ ፍሬን አልያዘም፤ በእግር ርምጃ እየነዳ ወረደ። ሰዎቹ ግን አልተመለሱም። ነገሩ ከምን እንደደረሰ ሳይሰሙ ማን ይመለሳል? ከመኪናዋ ጎንና ጎን እየሮጡ፣ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው መጡ።

በመንጣጣቱ መሐል አባቴ፣ "ወልዳችሁ ሳሙ!" አሉ።

ቁልፉን ተጫንኩና ማይክሮፎኑን ወደ መስኮቱ ዘረጋሁት።

"አሜን!" አለ መንገዱ በሙሉ። የሐጂ "አሚን" ከሁሉም በላይ ይሰማል።

"እህል ውኃችሁ ይባረክ!"

"አሜን!"

"ክፉ አይንካችሁ!"

"አሜን!" አሉ፤ ጣሳውም ከላይ በዘንጉ ላይ ኳ ኳ ኳ ይላል። አህያዋ ጤፏን ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ አባቴ ቆም አሉ። "ልጄ፣ ያ ሁሉ ሰው ማን ነው?"

ምን ልበል? ጠላ ፈላጊዎች ናቸው ልበል?

"ጎረቤቶቼ ናቸው፣ አባባ።"

"በሰው አገር ይህን ያህል አሜን የሚልልሽ ካለሽ፣ እኔ ምን እፈልጋለሁ። አግቢ። ያ ድሬሰር ይስማኝ፤ ምርቃቴን ጨረስኩ። ዕድሜዬን አልጨረስኩም።"

ያን ምሽት እትዬ ለአጎትየው ሲነግሯቸው ምርቃቱን በአባቴ ድምፅ፣ አሜኑን በሐጂ ድምፅ እያስመሰሉ ነበር። ጠጋኙ ሁሉንም ሰምቶ፣ ለረጅም ጊዜ አስቦ፣ "የወደቀው ማን ነበር?" አለ። ከዚያ ሁሉ ይህን ነው የጠየቀው። የወደቀው የከብቶቹ በረት እንደነበረ ያወቅነው የአባቴ ደብዳቤ በጥር ሲደርስ ነው።

እኔን ግን ሌላ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ስድስቱን ሰዎች ጎረቤቶቼ ናቸው ብያለሁ። ለአባቴ፣ ያውም ምርቃት ላይ። ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። "ሰፈርሽ የሚኖሩ አይደሉም?" አሉኝ። አምስቱ ይኖራሉ፤ በኋላ አንድ በአንድ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ባለ አህያው ግን ከከተማው ወጣ ካለው ከሳንሱሲ ነው።

"እንግዲህ እሱንም ጎረቤት አድርጊዋ" አሉኝ።

ጾሙ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ሠርጋችን ሆነ። ስድስቱም ተጠሩ፤ ሐጂ ብርዝ ተቀዳላቸው፤ ፈረንጁም በመኪናው፣ ጣሳው በዘንጉ ላይ እንደተደፋ መጣ። ባለ አህያው ከሳንሱሲ ድረስ ተጉዞ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ጣቱን ወደ ጣሳው ቀስሮ፣ "አሁንስ?" አለኝ።

"አሁን አለ" አልኩት። "ጉሹም፣ የጠራውም።"

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በመድኃኔዓለም ዕለት ይመጣ ነበር፤ ቀርቶም አያውቅ። እኔም በመጣ ቁጥር፣ "እዚህ ሰፈር ለምን ቤት አትሠራም?" እለዋለሁ። ደግነት ይመስለው ነበር፤ የእኔ ግን ንስሐ ነበር። በአራተኛው ዓመት ከቤታችን ሁለት አጥር አልፎ ቦታ አገኘ፤ ግድግዳው ሲቆም በጠዋት ሄጄ፣ በደጁ ቆሜ፣ "ጎረቤቴ" አልኩት። አባቴ ያን ጊዜም በሕይወት ነበሩ።